ለአንድ ብስክሌት አራት ጎማ

ብስክሌት ሁለት ጎማ አለው። ይህን አፉን ያልፈታ ሕፃንም ያውቀዋል። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አብሬው የምኖረው የልጅ ልጄ ግን አራት ካልሆነ ብሎ ቤቱን ሰላም ነስቶታል። ጎማ ሲል ላስቲኩን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከነቸርኬው፣ ከነሽቦው፣ ከነኩሽኔታው ነው። አንዱ ጥንድ ለአስፋልት፣ ሌላው ጥንድ ለጠጠር። እኔ በእሱ ዕድሜ ሁለተኛ ጫማ እንኳ አልነበረኝም። ጃንሜዳ አካባቢ በሰዓት እየተከራየን ስንነዳ ብስክሌቱ ፍሬን ካለው ተመስገን ነው። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲቀበለን ጥርስን ነክሶ ከኮርቻው ብድግ ማለት ነበር መፍትሔው።

መንገዱ ሁለት ዓይነት መሆኑን አልክድም። የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ የተሠራ አስፋልት አለ፤ ከአርሊንግተን ተነስቶ 45 ማይል ያህል ሄዶ ፐርሰልቪል ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የላውደን ካውንቲ የጠጠር መንገድ ነው። ከጆርጅታውን ደግሞ እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል የሚሄድ የቦይ ዳር መንገድ አለ፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃ በጭቃ። ድሮ በዚያ ላይ በቅሎዎች የድንጋይ ከሰል ጀልባ ይጎትቱ ነበር። የአስፋልት ኮቴና የጠጠር ኮቴ ያላት በቅሎ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

«አባባ፣ ሁለተኛ ብስክሌት ከመግዛት እኮ ይረክሳል» አለኝ። ይህችን «ይረክሳል» አውቃታለሁ፤ ስንት ቤት አራቁታለች! ጎማው ብቻውን አይመጣማ። ካሴት የሚሉት የኋላ ጥርስ ለብቻው፣ የፍሬን ዲስክ ሁለት፣ ላስቲክ ሁለት። የውስጥ ጎማ ደግሞ ቀርቷል አሉ፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ውስጡ ይጨመራል። ፈሳሹ በየጥቂት ወሩ ይደርቃል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥንድ ባይነዳም ይበላል።

ካቴናው ግን ያው አንድ ነው፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ካቴናና ጥርስ አብረው ነው የሚያረጁት። ያረጀ ካቴና ያላረጀ ጥርስ ላይ ሲገባ እየዘለለ ያስቸግራል። እና ልጁ ሁለቱ ካሴቶች እኩል እንዲያረጁ ጎማዎቹን በተራ የሚያወጣበት ሰሌዳ ሠርቶ ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። የእኔ መድኃኒት ሰዓት ከታች ነው የተጻፈው።

ዲስኩም የራሱ ጠባይ አለው። የአንዱ ጥንድ ዲስክ ከሌላው በጥቂቱ ገባ ወይም ወጣ ካለ ፍሬኑ ይነካዋል፤ ይጮሃል። ለዚህ መፍትሔው 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቀለበት ከዲስኩ ሥር ማስገባት ነው። አንዷ ወድቃ ምንጣፍ ለምንጣፍ ስንዳክር አመሸን። መነጽሬን ያደረግሁት እኔ ስለነበርኩ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።

ደግሞ ይግጠም አይግጠም የሚባል ፈተና አለ። ፔርኖው 12 ሚሊሜትር ሆኖ የጎማው መሀል ከፊት 100፣ ከኋላ 142 ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ 110ና 148 የሆነም አለና ተሳስቶ ያዘዘ አለቀለት። ካሴቱ የሚቀመጥበትን ከአምራቾቹ ሺማኖ በአንድ መንገድ፣ ስራም በሌላ፣ ካምፓኞሎም በራሱ መንገድ ይሠራዋል። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ የተሳሳተውን ልኮልን መልሰን እስክንልክ ስንት ወረፋ ተሰለፍን። የድሮው የቻይና ባለ 28 ጎማ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የዚያ ቸርኬ 635 ነው፣ የዛሬው 700 የሚባለው ደግሞ ሲለካ 622 ነው አለኝ። 700 ተብሎ 622 የሚለካ ነገር መርካቶ ላይ ቢሸጥ ጸብ ነበር።

ሁለት ዓይነት መንገድ የገጠማቸው ግን የዛሬ ልጆች ብቻ አይደሉም። ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የብስክሌት ውድድር ላይ በፈረንጅ እስከ 1937 ድረስ ማርሽ መቀየሪያ ክልክል ነበር። ተወዳዳሪው ተራራው ሥር ሲደርስ ይወርድና የኋላ ጎማውን ፈትቶ ገልብጦ ይገጥመዋል፤ በአንድ ጎኑ የሜዳ ጥርስ፣ በሌላው የዳገት ጥርስ ነበረዋ! ያውም ተራራው ጠጠር ነው። አንዱን ጎማ ገልብጠው ሁለት አደረጉት እንጂ ሁለተኛ አልገዙም።

ከተጠየቅሁ ፍርዴ ይህ ነው። በቀን አንድ ሰዓት አስፋልት፣ ግማሽ ሰዓት ደረቅ ጠጠር ለሚነዳ ሰው ከ35 እስከ 38 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ መሀሉ ለስላሳ የሆነ አንድ ላስቲክ ይበቃዋል፤ ጠጠር ላይ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ ነው። ሁለተኛ ጥንድ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ከፈጣን ቡድን ጋር በ30 ሚሊሜትር ለሚሮጥ፣ በማግስቱ በ45 ጭቃ ለሚገባ ነው። የሚገዛም ካለ የመሀሉ አሠራር፣ ካሴቱና ዲስኩ ከመጀመሪያው ጥንድ ጋር አንድ ዓይነት ይሁንለት። ቸርኬው ላስቲኩን የሚይዝ ከንፈር የሌለው ከሆነ ደግሞ ከ5 ባር በላይ አይነፋ፤ ቸርኬው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። ጎሚስታ ቤት «እስኪደነድን ንፋልኝ» እያልን ያደግን ሰዎች ይህን መጠንቀቅ አለብን።

ልጁ ግን ገዛ። የአስፋልቱ ጥንድ አሁን ከራስጌዬ ተሰቅሏል፤ የጣት ቅባት ፍሬን ያበላሻል ተብሎ ዲስኩን መንካት ተከልክያለሁ። ሁለተኛ ጎማ ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች፣ አስቀድማችሁ መስቀያ ቦታ ፈልጉ። የሽማግሌ መኝታ ቤት ጋራዥ አይደለም።