የልጅዎን የዩኒቨርሲቲ ዕድል አሳስቶ ለመገመት

ቤትዎ ካዛንቺስ ወይም ቂርቆስ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ልጅ አለዎት። ዕድሉን አሳስተው ለመገመት ከሁሉ በፊት ካርዱን ያንሱ። «ከክፍሉ 2ኛ» የሚለውን አንብበው እልል ይበሉ። ከዚያው ትምህርት ቤት አምና ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ ግን ርዕሰ መምህሩን እንዳይጠይቁ፤ የጠየቀ ወላጅ እውነቱን ያገኛል።

የ2014 ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ እንኳ አልሞላም። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። በእነዚያም ትምህርት ቤቶች ከክፍሉ 1ኛ የወጣ ልጅ ነበር፤ በካርዱ የምትኮራ እናትም ነበረችው። ያለበትን ደረጃ በጊዜ የነገረው ሰው አለመኖሩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በ2017 ያለፈው 8.4 በመቶ ስለሆነ «ተሻሽሏል» ብለው ይጽናኑ። ግማሹን ነጥብ ያላገኙት ከመቶ ከ91 በላይ መሆናቸውን አይቁጠሩ።

ቀጥሎ፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች እጁ እንዳይገቡ ያድርጉ። ከገቡም ሰዓት ሳይያዝበት፣ መልሱን አጠገቡ አድርጎ፣ የሚወደውን ትምህርት ብቻ ይሥራ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ተቀብለውት፣ ሰዓት ይዘውለት እንግሊዝኛውንና አፕቲትዩዱን ቢሠራ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ከመቶ 38 ይሆናል፣ 57 ይሆናል። ያ ቁጥር ኅዳር ላይ ከታወቀ የጎደለውን ለመሙላት ወራት አሉ። ስለዚህ እስከ ሰኔ ያቆዩት።

ቡና ላይ ጎረቤት ይጠይቁ። «የእህቴ ልጅ ሳያጠና ነው የገባው» ሲሉዎት፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ነጥብ ብለው አይመርምሩ። ግማሽ ያመጣ ልጅ የፈለገበት ይገባል ብለውም ይመኑ። ግማሹ ማለፊያ ብቻ ነው፤ ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ካለፉት ጋር እንደገና ይወዳደራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ተነሥተው ገላን ጉራ ከገቡት ወገን ከሆኑ፣ የልጁን መንገድ ከሂሳብ አያስገቡ። የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ላለመልቀቅ ጎሕ ሳይቀድ ታክሲ ይጠብቃል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤ እርስዎ ግን ውጤቱ ሲወርድ «ሰነፍ ሆነ» ይበሉ። ሰፈሩን፣ አብረውት የሚያጠኑትን ጓደኞቹን፣ የጥናት ሰዓቱን በአንድ ዓመት ያጣ ልጅ ውጤት ቢወርድ የጭንቅላቱ ልክ አይደለም። ሰዓቱ ቢመለስለት፣ ቢያንስ ቅርብ ዘመድ ቤት ሰኞ እስከ ዓርብ ቢያድር፣ ግምቱ ሊለወጥ ይችላል።

አሜሪካ ለመላክ ካሰቡ ደግሞ «አይቀርም» የሚልዎትን ኤጀንት ይመኑ። ሃርቫርድ ከ100 አመልካች 5 እንኳ እንደማይቀበል፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች ከውጭ አገር የሚመጣን ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙንም እንደሚያዩ አይስሙ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት አቅም ሳያዩ ከሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው። ሌላ ቦታ ሙሉ ድጋፍ ጠያቂ ሆኖ የሚያመለክት ልጅ፣ ኮሌጁ በጠቅላላው በሚያወጣው የቅበላ መጠን ዕድሉን መገመት አይችልም። ለኤጀንቱ ኮሚሽን የሚከፍለው የትኛው ኮሌጅ እንደሆነም ክፍያውን ከፈጸሙ በኋላ ይጠይቁት።