የእመት ጃርት ተዳፋት

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወረድ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ማክሰኝት አለች። በአጠገቧ የምታልፈው ጉማራ (የፎገራዋን አይደለም የምላችሁ፣ የማክሰኝቷን ነው) ከደጋው ተነሥታ ጣና ትገባለች። በዚያች ወንዝ ዳር ሦስት ቤቶች ነበሩ። ከላይ ዝንጀሮ ዝናብ ይቆጥራል፤ አፋፍ ላይ ቅል አስቀምጦ፣ ጠዋት ጠዋት በጣቱ እየለካ ገመዱ ላይ ቋጠሮ ያስራል። ከመካከል ፍልፈል አለ፤ ከማሳው ስንት አፈር እንደ ሄደ እሱ ያውቃል። ታች ሐይቁ ውስጥ አምባዛ የውሃውን ድፍርስ በስንጥቡ ይለካል። ሦስቱም ገመድ አላቸው፤ ሦስቱም ለማንም አያሳዩም።

አንድ ዓመት ሐይቁ ዳር ወይን ጠጅ አበባ ያለው አረም ብቅ አለ። እንቦጭ ነው። አምባዛ ዝንጀሮን ረገመ፣ ዝንጀሮ ፍልፈልን ከሰሰ፣ ፍልፈል ጉድጓዱን ዘጋ።

ኤሊ ግን በየቤቱ እየዞረች ለመነች። "ገመዳችሁን አንድ ቀን ብቻ ጎን ለጎን እናስተኛው።" ከባሕር ማዶ የመጣችው ሽመላም የራሷን ገመድ ይዛ ተቀመጠች። ቋጠሮዎቹ አልገጠሙም። ለካ ዝንጀሮ ቀኑን የሚጀምረው ከንጋት ነው፣ ሽመላ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት። ሌሊት 8 ሰዓት የወረደውን ዝናብ እሱ የትናንት ይለዋል፣ እሷ የዛሬ። ስምንት ቀን ሙሉ የተጨቃጨቁት በዚህ ነበር። ይህን ጭቅጭቅ የሚንቅ ሰው ከሌላ ጋር ሆኖ ለክቶ አያውቅም።

ቀኑ ከተስማማ በኋላ ሌላ ክርክር ተነሣ። "የድንጋይ እርከን አፈር ያስቀራል" አለ ፍልፈል። "ውሃ አቁሮ ሰብል ያበሰብሳል" አለ ዝንጀሮ።

"እንግዲያው ጎን ለጎን ያሉ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ተዳፋቶች እንምረጥ" አለች ኤሊ። "አንዱን እንከትረው፣ ሌላውን እንዳለ እንተወው። የሚዘንብባቸው አንድ ዝናብ ነው።"

ሁሉም ወደደው። "እንዳለ የሚተወው የማን ይሁን?" ሲባል ግን ሁሉም ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ተረት ነው ብላችሁ አትለፉት። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በማክሰኝት ጉማራ ተፋሰስ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩት እንዲህ ያለውን ነው። አያዬና አባ ካሎዬ በሚባሉ ሁለት ጎረቤት ንዑስ ተፋሰሶች፣ አንዱ ላይ እርከን ተሠርቶ ሌላው ሳይሠራ ቀርቶ፣ ከሁለቱም የሚወርደው ጎርፍና ደለል ተለካ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሳይከተር የቀረው ነው። እዚያም የሚያርስ ሰው አለ።

በተረቱ ያ ሰው እመት ጃርት ናት።

"የእኔ ይሁን" አለች። "ነገር ግን አያ ዝንጀሮ፣ አንተ ቋጠሮ የምትለው ለእኔ የልጆቼ እንጀራ ነው። ገመዱ በእኔ ደጅ ይሰቀል። ቆጠራው ሲያልቅም የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔ ማሳ ላይ ይረፍ።"

ቃል ገቡላት።

ጎርፍ በወረደ ቁጥር ከሁለቱም ተዳፋት ግርጌ አንዳንድ ቅል ይሞላና ያድራል። ጠዋት ከላይ የጠራው ውሃ በቀስታ ይደፋል፤ ከታች የተኛው ጭቃ ይለካል። ከተከተረው የመጣው ቅል ሥሩ ላይ ስስ ጭቃ ነበረው። የእመት ጃርት ቅል ጣት ይውጣል። እሷ በየማለዳው ያን ጭቃ በእጇ ጠርጋ መልሳ ማሳዋ ላይ ትበትነው ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ማብቂያ ገመዶቹ ተገጣጠሙ። ሽመላ ቅጂውን ይዛ ወደ ሰሜን በረረች። ዝንጀሮ ወሬውን ከገደል ገደል አዳረሰ። እመት ጃርት ደጇ ላይ ከተሰቀለው ገመድ ጋር ብቻዋን ቀረች።

በበጋው ቋጠሮውን እየዳበሰች ቆጠረችው። ሌሎቹ የዓመቱን ድምር ሲያዩ ያመለጣቸውን እሷ አገኘችው፤ ሐምሌ ላይ ቋጠሮው ይወፍራል። ማሳው ለጤፍ ተደጋግሞ ታርሶ የላመበት፣ ቡቃያ ገና ያልሸፈነበት ጊዜ ነው። ኤሊን ጠርታ ላከቻት። "ድንጋዩ ከሰኔ በፊት ካልደረሰ ለዘንድሮ አይሆነኝም በይልኝ።"

ኤሊ እንደምታውቋት ናት፤ መንገድ ይረዝምባታል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ እመት ጃርት ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማች። ወጣ ብትል ዝንጀሮ ድንጋይ በደረቱ ታቅፎ ቆሟል፤ ፍልፈል ከሥሩ የመሠረቱን ቦይ ሊቆፍር መሬቱን ይጭራል።

"እመት ጃርት፣ የት ላሳርፈው?" አላት።

ቀና ብላ ገመዱን አየች። ከዚያም ሐምሌ ላይ ጎርፉ የሚሰብረውን ቦታ በእሾኋ አሳየችው።