ድርሳን በእንተ አዕዋፍ፦ በወረዳ ደረጃ የሚታዩ እንግዳ ወፎችን ስለ መለየትና ስለ መመዝገብ

ወፍ ማየት የዓይን ሥራ ነው። ወፍ መለየት የአእምሮ ሥራ ነው። ወፍ መዝግቦ ማስቀመጥ ግን የማዕረግ ሥራ ነው፤ ይህን ሐቅ ከእኔ በፊት የተነሡ ሊቃውንት በዚህ ጥራት ስላላስቀመጡት ድካሙ በእኔ ትከሻ ላይ ወድቋል። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳላት የታወቀ ነው። በወረዳችን ግን እስከ ዛሬ እውቅና ያገኙት አራት ብቻ ናቸው፤ አሞራ፣ ቁራ፣ እርግብ እና «አንዲት ወፍ»። የቀረው ባለ ላባ ሁሉ በአራተኛው ስም ተጠቃሎ ይኖራል። ዶሮ የቤት ስለሆነች፣ የሌሊት ወፍ ደግሞ ጡት አጥቢ ሆና ሳለ በስም ብቻ ወደ ጉባኤው ሾልካ ስለገባች፣ ሁለቱም ከዚህ ድርሳን ተሰርዘዋል።

ድርሳኑ በሰባት አንቀጽ የተከፈለ ነው። ሁለተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ገና አልተጻፉም፤ ሆኖም እነሱን ያላነበበ ሌሎቹን በሚገባ ሊረዳ እንደማይችል አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአንደኛው አንቀጽ የምንደነግገው ይህን ነው፤ ቤተኛውን የማያውቅ እንግዳውን አይለይም። ማስረጃችን የመስቀል ወፍ ናት። በዓመት አንዴ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ብቅ ትላለች፣ ከአደይ ጋር አብራ ትጠፋለች እየተባለ ስንቱ ዘፍኖባታል፤ ስንቱስ ጠፍታ የምትከርም ወዳጁን በእሷ መስሏል። እኔ ግን ለሳይንስ ስል ፍቅርን መጉዳት ግድ ሆኖብኛል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች አንዱን፣ ባለ ረጅም ጭራውን፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ወንዱ ክረምቱን ተከትሎ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ ይለብሳል። መንቆሩ በርበሬ መስሏል። ከገዛ አካሉ የሚረዝሙ አራት የጭራ ላባዎች አስከትሎ ከሴቷ ራስ በላይ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይዘላል፤ ጭራውም አብሮ ይዘላል። እሷ ቡናማ ዥንጉርጉር ናት። ከሣሩ ሥር ዘሯን ትለቅማለች እንጂ ቀና ብላ የምታየው አይመስልም። በጋው ሲገፋ ያ ሁሉ ጭራ ይረግፋል፤ ጌታው ራሱ ቡናማ ዥንጉርጉር ሆኖ ከጎኗ ዘር ሲለቅም ይገኛል። የትም አልሄደም፤ ልብሱን ነው የለወጠ። መንቆሩን ያየ ግን አይሳሳትም፤ የወንዱ መንቆር በጋም ቀይ ነውና። ጎጆ የመሥራት ጣጣ እንኳ የለባቸውም፤ ሴቷ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ጣል አድርጋ ትሄዳለች፣ አሳዳጊዋም ያቺ ምስኪን ናት። እንግዲህ በየመስከረሙ «እንግዳ ወፍ አየሁ» እያሉ የሚመጡልኝ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ከአጥራቸው ሲያባርሩት የከረሙትን ወፍ ነው የሚያበሥሩኝ።

ሦስተኛው አንቀጽ ስለ መጠን ነው፤ አጭር ነው። «ትልቅ ናት» መጠን አይደለም። ድንቢጥ ታህላለች? ዋኔ ታህላለች? ቁራ ታህላለች? ከዚያ መንቆሯ፣ እግሯ፣ ጭራዋ፣ ስትታይ ምን ታደርግ እንደነበር። «ስታምር!» የሚለው ቃል በመዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በስልክ ተነሥቶ አንድ ዋርካና አንድ ጥቁር ነጥብ የሚያሳየው ፎቶግራፍም እንዲሁ።

አሁን ወደ ስድስተኛው አንቀጽ፣ ወደ ጊዜና ቦታ፣ እንግባ፤ የዘመናችን ወፍ ዘራሽ ሊቃውንት እርቃናቸውን የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የታየ ንስር ያለ ማብራሪያ ወደ ውጭ አገር ቢላክ፣ እዚያ ያለው ሊቅ ንስሩን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲያንዣብብ ያገኘዋል። ያኔ ወይ ንስሩን ጉጉት ያደርገዋል፣ ወይ መዝጋቢውን ሰካራም። ጳጉሜን 3 ቀን የታየች ወፍማ በእነሱ አቆጣጠር የራሷ ወር እንኳ የላትም። ስለዚህ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከቀኑ ጎን ይገለጽ።

የታሪክ ማስረጃ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1822 በጀርመን፣ ክሉትዝ በተባለ መንደር አቅራቢያ፣ ከአፍሪካ እንጨት የተሠራ ጦር አንገቷ ላይ እንደተሰካ ያን ሁሉ መንገድ የበረረች ሽመላ ተገኘች። ወፎች ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይከርማሉ ባይ በነበረበት ዘመን፣ ይህቺ ሽመላ ጉዳዩን ያለ ክርክር ዘጋችው። ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ከነጦሯ ቆማ ትታያለች። ወርዋሪውን ወገናችንን ለሳይንስ ስላበረከተው አስተዋጽኦ እናመሰግነዋለን፤ ይሁን እንጂ ቀኑንም ቦታውንም ስላልጻፈ ከወቀሳ አያመልጥም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 በግብፅ፣ ቄና ላይ የተያዘች ሌላ ሽመላ የሄደችበትን ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ጀርባዋ ላይ ታስሮላት ነበር። ሥራዋን በወጉ በመሥራቷ በስለላ ተጠርጥራ ፖሊስ ጣቢያ አደረች። መዝጋቢ በአገሩ እንደማይከበር ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር አንድ ድንቅ ወፍ አገኘ፤ ዛሬ በእሱ ስም የሚጠራውን ቱራኮ። ወፉን ከነላባው አኖረው፣ የት እንዳገኘው ግን አልጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1893 ልዑሉን ዝሆን ገደለው። የአገሩ ሊቃውንት ወፉን ከተወው ስብስብ መካከል አውጥተው ስም ሰጡት፣ መኖሪያውን ግን የሚነግራቸው ጠፋ። ለበርካታ አሥርት ዓመታት የዚያ ወፍ አድራሻ ዝሆኑና ሟቹ ብቻ የሚያውቁት ምስጢር ሆኖ ቆየ። በነገሌና በአሬሮ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች በዚያ ሁሉ ዘመን ወፉን በየማለዳው ያዩት ነበር፤ ችግሩ ማንም አልጠየቃቸውም።

ከልዑሉ ቀጥሎ የነጭ ሳር ፓርክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በፓርኩ የጥርጊያ መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው፣ በሌሊት ነፍሳት የሚያድን አንድ ወፍ አገኙ። ከአካሉ የሚረባው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ይዘው ሄዱ፣ ከሌላው ክንፍ ሁሉ ጋር አስተያዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ነው ብለው አወጁ። ልብ በሉ፤ ልዑሉ ሙሉ ወፍ ይዞ ቦታውን አጣ፣ እነዚህ ቦታውን ይዘው ወፉን አጡ። ታሪክ የፈረደው ለእነዚህ ነው። ወፉን የሚሻ ሁሉ ዛሬ የት ሜዳ ላይ ባትሪ ማብራት እንዳለበት ያውቃል።

የመጨረሻው አንቀጽ የምስክሮችን ደረጃ ይወስናል። በእኔ ሚዛን ዝቅተኛው ምስክር ከሚበር መኪና መስኮት ያየ ባለሥልጣን ነው፤ ከእሱ በላይ ውድ የርቀት መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ግን ክዳኑን ያልከፈተ ምሁር አለ። ከፍተኛው፣ መቀበሉ ቢያመኝም፣ እረኛው ነው። ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለውን የበርጋን ረግረግ ተመልከቱ። እዚያ በክረምት የምትራባ ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ አለች፤ ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሣሩ ውስጥ አትወጣም፤ ስትበር የክንፏ ነጭ ለአፍታ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ትሰወራለች። ሳይንስ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ያውቃታል፤ በበርጋ መኖሯ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። እሷን ከከብት ኮቴ የሚጠብቃት የአካባቢው ሰው ነው፤ ማኅበር አቋቁሞ፣ ጫጩት እስክታወጣ ከብቱን ከረግረጉ እያራቀ። የከብቱን ግጦሽ ለአንድ ትንሽ ወፍ የለቀቀ ገበሬ፣ ማዕረግ ባይኖረውም፣ ከብዙ ባለ ማዕረግ ይልቅ ምስክርነቱ ይሰማል።

ስለዚህ በተሰጠኝ፣ ባይሰጠኝም በወሰድኩት ሥልጣን እደነግጋለሁ። ከእንግዲህ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ሳይዝ የመጣ ወፍ በዚህ ወረዳ መዝገብ አይገባም፤ ያየው ሰው ማንም ቢሆን። ስሙን ባታውቁት ግድ የለም፣ ስም በኋላም ይገኛል። እርሳስ የሌለው ከእኔ ይዋስ፤ ይመልስ እንጂ።