የጎማው ዕድገት

የዛሬው ወሬያችን ስለ ጎማ ነው። ጎማ ስንል ጎማ ማለታችን ነው። ከጎማው በላይ ስለተቀመጠው ሰው የሚያስብ አንባቢ ካለ ሐሳቡ የራሱ ነው፤ እኛን አያስጠይቅም።

የአዊ ክረምት ይሉኝታ አያውቅም። አንዴ ከጀመረ እስከ መስከረም ያወርደዋል፤ ቀዩ አፈር ይቦካል። ከእንጅባራና ከዳንግላ አስፋልት ወጣ ብለው ወደ ጥርባ ሲዘልቁ ጋሪው ይቆማል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ ድንች የጫነው አይሱዙም ጎኑን አስደግፎ ይቆማል። ከፋግታ ለኮማ የሚወጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል እንኳ በጆንያ ተደርድሮ ፀሐይ ይጠብቃል።

ይህን ችግር ለመፍታት ሁለት መላ አለ። አንደኛው መንገዱን መሥራት ነው፤ ሁለተኛው ጎማ መቀየር። የመጀመሪያው ለሁሉም ይጠቅማል፤ ስለዚህ ባለቤት የለውም። ሁለተኛው ለአንድ ሰው ይጠቅማል፤ ስለዚህ በጀት አለው። የእኛ ባለ ቪ8 ሁለተኛውን መረጡ።

ቪ8ን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ነው። ፋብሪካው መኪና ብሎ ነበር የሠራው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማዕረግ ሆነ። አንድ ሰው «ቪ8 ደረሰው» ከተባለ ምን እንደተሾመ መጠየቅ አያስፈልግም። ቶዮታ በ2021 እ.ኤ.አ. የ300 ሞዴሉን ሲያወጣ ስምንቱን ሲሊንደር ወደ ስድስት አወረደው፤ በእኛ አፍ ግን ያው ቪ8 ነው። ሞተር ይቀንሳል፤ ስም አይቀንስም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ቀድሞ የገባው ቪ8 እንደ ርስት መጠበቅ ጀመረ። ተሳፋሪው ይለዋወጣል፤ ወንበሩ አይነካም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከ300ው በፊት የነበረው የ200 ሞዴል ከፋብሪካ ይዞት ከሚመጣው ጎማ አንዱ 285/60 አር 18 ይባላል። ስፋቱ 285 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 ከመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው ማለት ነው። ሲደማመር የጎማው ቁመት 799 ሚሊሜትር ይመጣል። ባለ ቪ8ው የተመኙት ባለ 35 ኢንች የጭቃ ጎማ ግን 889 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 11.2 ከመቶ፤ ባለ ሁለት አሃዝ ዕድገት መሆኑ ነው። ቁጥሩ የሚያውቀው ዘመድ የመሰለው አንባቢ ካለ፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣውን የአምስት ዓመት ዕቅድ ያነበበ ሰው መሆን አለበት።

ጎማው 11.2 ከመቶ ሲያድግ ሞተሩ ባለበት ቀረ። እንዲያውም መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ10 ከመቶ ገደማ አነሰ፤ ያው የሞተር ጉልበት መሬቱን የሚገፋው ከረዘመ ክንድ ጫፍ ሆኖ ነውና። ዳገት ላይ መኪናው ያቃስታል፤ ነዳጁ ከወትሮው ፈጥኖ ያልቃል። ይህ ባለ ቪ8ውን አላሳሰባቸውም። ነዳጁን የሚቀዳው ሌላ ነው፤ የሚከፍለውም ሌላ ነው።

መለኪያውም ይስታል። ሰሌዳው 90 ሲል መኪናው 100 ሄዷል። መለኪያው የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው፤ ማንም አላስተካከለለትም። በፋብሪካው ልክ የተገጠመ ጎማ እያለቀና እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆጣሪው ካልተሄደበት መንገድ ላይ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ይህ ዓይነቱ ቆጣሪ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ከሁሉ የሚገርመው ከፍታው ነው። ጎማው በ90 ሚሊሜትር አደገ ብለን ነበር፤ የመኪናው ሆድ ግን ከመሬት የራቀው በ45 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የተከፈለው ለሙሉው ነው፤ ታች የደረሰው ግማሹ ነው። ቀሪው ግማሽ የት ገባ ለሚል መልሱ አጭር ነው፦ ከአክስሉ በላይ ቀርቷል። ላይ የቀረውን ደግሞ ማን ይጠይቃል?

ሥራው የተሠራው አንድ ጎሚስታ ዘንድ ነው። ልጁ ክሪኩን አስገብቶ አምስቱን ዳዶ ፈታ። የወረደው ጎማ ደህና ነበር፤ ጥርሱ አላለቀም፣ አልተቀደደም። ጥፋቱ ቁመቱ ብቻ ነው። አዲሱ ሲገጠም ፓራፋንጎው ሊቀበለው አልቻለም። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይፋቃል፤ ወደ ግራ ሲያዞሩትም ይፋቃል።

«ጌታዬ፣ ጎማው አካሉን እየበላው ነው» አለ ጎሚስታው።

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ወይ ጎማውን መቀነስ ነው፣ ወይ አካሉን መቁረጥ ነው።»

አካሉ ተቆረጠ። ከመቆረጡ በፊት ግን ሹፌሩ ሦስተኛ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ መሪው ወደ ማንም ካልዞረ፣ ቀጥ ብሎ ብቻ ከሄደ፣ ችግር የለም አለ። ሐሳቡ ተወዶ ነበር። ችግሩ መንገዱ ጠመዝማዛ ሆነ።

ቀጥሎ ሞላው ተቀየረ፤ አሞርዛተሩ ተቀየረ፤ መኪናው ይበልጥ ከፍ አለ። ከፍ ያለ ነገር ክብደቱም አብሮት ወደ ላይ ይወጣልና፣ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ቅርብ ነው። መሪው ከበደ። ፍሬኑም ዘገየ፤ ትልቅ ነገር አንዴ መሽከርከር ከጀመረ ማቆሚያው ይርቃል። ባለ ቪ8ው ግን ከወንበራቸው ሆነው ያስተዋሉት ሌላ ነው። «አሁን ሁሉም ነገር ከታች ይታየኛል» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ጭቃውን ለመሻገር ሌላ ዘዴ ነበር፤ ያውም በነጻ። የጎማውን ንፋስ መቀነስ። ከ35 ፒኤስአይ ወደ 20 ቢወርድ ጎማው ይተኛል፣ ከመሬት ጋር ሰፋ ብሎ ይገናኛል፣ ጭቃውንም ይይዛል። ከጭቃው ሲወጡ መልሶ መንፋት ነው። የበረሃና የጭቃ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጎሚስታውም ይህንኑ አሰበና «ጌታዬ፣ ትንሽ ንፋስ ብንቀንስስ?» ቢል ፊታቸው ተለዋወጠ። ተነፍቶ የኖረ ነገር መሬት ሲነካ ያንስ ይመስለዋል።

ልጁ ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም። ብልህ ነው። ጎማ ሲተነፍስ ምን እንደሚደረግ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሚስማሩ የት ገባ፣ ማን ወጋው፣ ተብሎ አይጠየቅም፤ ወዲያው ይፈታና ከጥግ ይጣላል፤ በቦታው ስኮርቱ ይገባል።

ስኮርቱን ካነሣን ዘንዳ አንድ ነገር እንጨምር። ላንድክሩዘር 200 ስኮርቱን የሚሸከመው ከሆዱ ሥር ነው፤ ባለ 35ቱ ደግሞ እዚያ ቦታ አይገባም። ስለዚህ አራቱ አድገው ስኮርቱ በድሮ ቁመቱ ቀረ። ከሥር ተንጠልጥሎ፣ አቧራውን ጠጥቶ፣ ጭቃውን ተቀብቶ፣ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ግን ጉዱ ይወጣል። አራቱም እግሩ ሁልጊዜ በሚጎትት መኪና ላይ አንዱ ጎማ ካነሰ፣ ትንሹ ከትልልቆቹ እኩል ለመድረስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ዲፈረንሻሉ ይግላል፤ መጨረሻ ላይ ይበላል። ትንሹን ለትልቅ ቦታ ያዘጋጀው ማን ነው? ማንም። ተተኪ ማሰብ እንደ ክፉ ምኞት በሚቆጠርበት ቤት ስኮርት አይታሰብም።

ስለ ጥርሱም አንድ ቃል። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅ ነው፣ መሃሉም ሰፊ ነው፤ ጭቃውን ነክሶ ወደ ኋላ ይተፋል። ከኋላው የሚመጣ ሰው ካለ ይቀበላል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ከተራው ጎማም ፈጥኖ ያልቃል። ለጭቃ የተሠራ ለአስፋልት አይሆንም። ባለ ቪ8ው ደግሞ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን የሚውሉት አስፋልት ላይ ነው። ድሮ በየአገሩ ጭቃ ሹም ነበር፤ ጭቃውን በእግሩ የሚያውቅ፣ የማን ማሳ የት እንደሚያልቅ በቃሉ የሚናገር። የጭቃ ጎማ የገጠመ ሁሉ ጭቃ ሹም አይሆንም።

የሆነው ሆኖ መኪናው ወደ ጥርባ ወረደ። መንገዱን የሚጎበኝ ቡድን አብሮ ነበር። የሚያሰጥመውን ጭቃ መኪናው ሳይሰማው አለፈ፤ ጉድጓዱን በአንድ ንቅናቄ ተሻገረው፤ ውስጥ ያለ ሰው የያዘው ሻይ አልፈሰሰም። ጥግ ይዘው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሲደርስ መስኮቱ ወረደ። ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና ማድረግ ነበረባቸው፤ ባለ ቪ8ው የታያቸው ባርኔጣቸው ብቻ ነው።

«አባቴ፣ እንዴት ዋሉ? መንገዱ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን ጌታዬ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ችግሩ ከታች ነው።»

ባለ ቪ8ው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ወደዱት፤ ሁለተኛው ሲነገር መስኮቱ እየወጣ ነበር። በሪፖርቱ ላይ «መንገዱ ምቹ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኅብረተሰቡም ይህንኑ አረጋግጧል» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት አይደለም። ምቾቱ የመኪናው መሆኑ ብቻ ነው የተዘለለው።

መኪናው ካለፈ በኋላ የቀረውን ግን ያየ የለም። ትልቁ ጥርስ ቀዩን አፈር ሁለት ረጅም ቦይ አድርጎ አረሰው። በሌሊት ዝናብ መጣ፤ ውኃው በቦዩ ውስጥ ቆመ። በማግስቱ ጋሪው ከትናንትናው በባሰ ቦታ ተቀረቀረ፤ ነፍሰ ጡር የያዘው ቃሬዛም ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ወሬው ላይ ሲደርስ «መንገዱ ተበላሽቷል» ተባለ። ውሳኔውም ፈጣን ነው፤ ባለ 37 ኢንች ጎማ ይገዛ ተባለ።

አገሩ የፈረስ አገር መሆኑ ነው የሚያስቆጨው። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ የሚሰበሰበው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ80 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በዓሉም በአድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞች ያስባል። ፈረሰኛ ሩቅ ሊሄድ ሲያስብ ፈረሱን ያሠለጥናል፣ ይመግባል፣ ኮርቻውን ያጠብቃል፤ ዳገት ላይ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። የፈረሱን እግር ላስረዝም ያለ ፈረሰኛ ግን እስካሁን አልተሰማም። ፈረሰኛው ከተሸከመው ጋር አብሮ ይደክማልና የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ ያውቃል።

በዚያ በዓል ማግስት አንድ የጎጃም ሰው ገደል ስለገባ መኪና ተጠይቆ እንዲህ አለ ይባላል፤ ሰሙ የመኪና ነው፣ ወርቁን እያንዳንዱ ለራሱ ይቆፍር፦

ጎማው አልፈነዳም ነዳጅ አላለቀ፣
መሪው ላልቶ ነው እንጂ ገደል የወደቀ።

መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ምስጢር የለውም። መሃሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ይላል፤ ውኃው ወደ ግራና ቀኝ ይወርዳል። በዳርና በዳር ቦይ ይቆፈራል። ውኃ በሚያቋርጥበት ቱቦ ይቀበራል። ከዚያ ገረጋንቲ ይደፋል፤ በሮለር ይጠቀጠቃል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት። የመንገድ ጠላት መኪና አይደለም፤ መውረጃ ያጣ ውኃ ነው። ውኃ መውረጃ ከተሰጠው ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ከተከለከለ ቀስ ብሎ ከሥር ይበላል፣ በመጨረሻም የራሱን መንገድ ያወጣል። ያን ጊዜ የጎማ ቁመት አያድንም።

ስለዚህ ጎማ ለመለወጥ ያሰባችሁ ጌቶች ሆይ፣ ከመለወጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በጥር በበዓሉ ሰሞን ሳይሆን በነሐሴ፣ አስፋልቱ ጋ መኪናውን አቁማችሁ፣ ጫማችሁን ይዛችሁ፣ ወደ ጥርባ በእግር ግቡ። ከዚያ ስትመለሱ መጀመሪያ ቦዩን አስቆፍሩ። ጎማው ይቆያችኋል።