ነፍስ በችርቻሮ

ካንዲ ክራሽ ሳጋ በነፃ ነው፤ ማን ይከፍላል አላችሁ? በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጨዋታ አምስት ነፍስ መርቆ ያስጀምራችኋል። ከረሜላ መደርደር ያቃተው አንዷን ይቀማል፤ አምስቱም ካለቁ አንዷ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ነው። ያልታገሠ ካርዱን ያውጣ፤ ነፍስ በችርቻሮ ይሸጣል።

የጌም ሠሪ ጭንቀት ድሮ ሰው እንዴት ይዝናና የሚል ነበር። ዛሬ የሚያስጨንቀው የት ላይ ቢንገበገብ እጁን ኪሱ ይከታል የሚለው ነው። አብዛኛው ተጫዋች ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም፤ የሁሉን ሒሳብ የሚዘጉት ጥቂት ችኩሎች ናቸው።

ጌም ሠሪው አክቲቪዥን ብሊዛርድ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌሙን ባለቤት ኪንግን በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ለከረሜላ በዛ የምትሉ ካላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያቃተው ይህ ሁሉ ሕዝብ በዚህ ዋጋ መገኘቱ ርካሽ ነው።