ፈቃዱ ይቅደም ወይስ ሽያጩ?

ስታርታፕ ጀመርን ያልን ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠየቀው "አስመዘገባችሁት?" ነው። ገና ነን ካልን፣ "ታዲያ ምኑን ጀመራችሁት!" አዎ ካልን ደግሞ፣ "ምን አስቸኮላችሁ? ግብሩን በምን ልትከፍሉት ነው?" ሰው አይቻልም።

ደንበኛ ተገኘ ብለን ፈንጠዝያ ላይ ሳለን የፋይናንስ ክፍሉ "ቲን ላኩልን፣ ደረሰኝም ይኑራችሁ" ይላል። ከሌለ ክፍያም የለ። ባንክም በድርጅት ስም ሒሳብ ለመክፈት መመስረቻ ጽሑፍና ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። እሺ፣ እንመዝገብ። ለመመዝገብ አድራሻ፣ ለአድራሻ የኪራይ ውል! ሥራችን ላፕቶፕ ላይ፣ ቢሯችን ካፌ ነው፤ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እንቀመጣለን፣ አስተናጋጇም ታዝባ ዝም ብላናለች። ቢሆንም ክፍል ፍለጋ ወጣን። አከራዩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "ክፍሉን ውሰዱት፤ ውል ግን አልፈርምም፣ ግብር ልታመጡብኝ ነው?" አለን። ውሉን ነው እኮ የፈለግነው፤ ክፍሉንማ ምን እናደርገዋለን!

ተሳክቶልን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ሆንን እንበል። ድርጅት ሽያጩ ዜሮ ቢሆንም ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ነው፤ መዝገብ ይይዛል፣ ጊዜውን ጠብቆ ያሳውቃል። ምንም አለመሸጣችንን ለሚያሳውቅልን የሒሳብ ባለሙያ ከኪሳችን እንከፍላለን። ፈቃዱም በየዓመቱ መታደስ አለበት። አልሆነልንም፣ እንዝጋው ብንልም ክሊራንስ አምጡ ይባላል።

ለእውነት ከተባለ የቀለለም አለ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ብቻን ሆኖ እንዲህ ያለ ማህበር ማቋቋም አይቻልም ነበርና፣ ለቁጥር ማሟያ እናቱን ወይም ወንድሙን በጥቂት ድርሻ ያስገባ ሞልቷል። የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1243 ለአንድ ሰውም ፈቅዷል። ሁለት ሦስት ሆነው ለጀመሩ ግን ምዝገባውን ማዘግየትም መዘዝ አለው፤ ብር ብቅ ያለ ቀን "ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ"፣ "ሐሳቡ የማን ሆነና" ይመጣል።

እናም ጀማሪዎች ሆይ፣ የድርሻ ክፍፍላችሁን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ምዝገባውን ግን የሚከፍል ደንበኛ በር ላይ ሲደርስ አድርጉት፤ ሳትመዘገቡ መሸጥ ያስቀጣል። የሚመለከታችሁ ሹማምንትም፣ ቢያንስ የኪራይ ውሉን ነገር አንድ በሉልን።