የሰፈር ግሮሰሪ የመሳብ ኃይል፦ የመስክ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ ዋናውን አስፋልት ትቶ ወደ ኮብልስቶኑ የታጠፈ መንገደኛ፣ ከሱቁና ከፀጉር ቤቱ አለፍ ሲል ግሮሰሪ ያገኛል። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍሪጅ፣ ጥቂት በርጩማ፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን። የዚህ ጥናት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ቤቱ ሶፋ ያለው አባወራ ሳጥን ላይ ለመቀመጥ ለምን ይጣደፋል?

የመጀመሪያው መላምት «ለመጠጡ ነው» የሚል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠመቅ ኖሯል፤ ሰፈር በቀየረ ቁጥር ጣዕም ሲቀይር አልታየም። ያው ጠርሙስ ጥግ ካለው ሱቅ ረከስ ብሎ ይገኛል። ማስታወቂያም ምክንያት ሊሆን አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወጣ ወዲህ፣ ግሮሰሪው ጠፍቶበት ሲንከራተት የተገኘ ጠጪ የለም።

ኮክቴልም አለ፤ ቀማሚው ግን ጠጪው ራሱ ነው። ጉደር በኮካ፣ ጂን በቶኒክ፣ ቶኒክ ካለቀ በአምቦ ውሃ። መጠኑ በዓይን ይለካል፤ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አጠገብ የተቀመጠው ሰው «ኧረ አበዛኸው!» ሲል ነው።

የሒሳብ አያያዙ ጠለቅ ያለ ምርምር ይሻል። የተከፈተው ጠርሙስ ሁሉ ቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ ሰነዱ እሱ ነው። ሞቅታው ሲጨምር አንዳንድ ቆርኪ ከባለቤቱ ፊት ተነስቶ ወደ ጎረቤቱ የመሰደድ ጠባይ አለው። ይህን ፍልሰት የሚቆጣጠሩት ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ባለቤቷ ናቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ እንዲሁ ነው የሚጠሯቸው። ከጀርባቸው «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የተለጠፈውም የዱቤ ደብተሩ ከተንጠለጠለበት ምስማር ከፍ ብሎ ነው። ደብተሩ ውስጥ የመዝገብ ስም የለም፤ «ረጅሙ»፣ «ባለቮልሱ»፣ «የመምህሩ ወንድም» ይላል። ጥናቱ ይህን ሥርዓት ከብዙ መሥሪያ ቤት ፋይል የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ምክንያቱም ማንም አይጠፋበትም።

ዋናው ግኝትም እዚሁ አካባቢ ነው። አባወራው ቤቱ ሲገባ «የት አመሸህ?» ይባላል። ግሮሰሪ ሲገባ ደግሞ «ትናንት የት ጠፋህ?» ይባላል። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ ያው «ሥራ በዝቶብኝ» ነው፤ የሚታመነው ግን በሁለተኛው ቦታ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን ሰው በየቀኑ አያመላልስም። በቦታው ያልተገኘ አባል ይታማል። ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ አርሰናል የሚባለው ሲያልቅ ወሬው የግድ ወደ ቀረው ሰው ይዞራል። ስለዚህ ከደንበኞቹ ገሚሱ ሊጠጣ ሳይሆን ላለመታማት እንደሚመጣ መገመት ይቻላል። ቀድሞ የወጣም በሩን ሳያልፍ ስለሚጀመርበት፣ ማንም ቀድሞ አይነሳም፤ እትዬ በርጩማዎቹን ጠረጴዛ ላይ መገልበጥ ሲጀምሩ ሁሉም እኩል ይነሳል።

ያኔ የሒሳብ ፍልሚያው ይከፈታል። «በሞቴ፣ ኪስህን እንዳትነካ!» ብሎ አብልጦ የሚጮኸው፣ እጁ ኪሱ ለመድረስ ከሁሉም የሚዘገየው ነው። ክርክሩ ረጅምና እልህ የተሞላ ነው፤ የሚያሸንፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብተሩ ነው።